መስመሩ ሁሉ የሰማው ወተት

ልጄ በተወለደ በሃያ ስድስተኛው ቀን ሆዱን ቀደዱት። እንዲህ በግልጽ ስናገር ሰው ይደነግጣል፤ «ታሞ ነበር በይ» ይሉኛል። ታሞ አልነበረም፣ እየሞተ ነበር። የጠባውን ሁሉ መልሶ ይተፋል፤ እንደ ሌላ ሕፃን በከንፈሩ ጥግ ማንጠባጠብ ሳይሆን ከጡቴ ተነስቶ ግድግዳው ላይ የሚያርፍ ትውከት። እናቴ ቡዳ ነው አለች። ባሌ ሙቀቱ ነው አለ። እኔ ደግሞ፣ ገና በቅርቡ ከመምህራን ማሰልጠኛ በዲፕሎማ የተመረቅሁት አዋቂዋ፣ ወተቴ ከብዶት ነው ብዬ ቅቤና ሥጋ ተውኩ። ሦስታችንም ተሳስተናል። የጨጓራው መውጫ ወፍሮ በሩ ተዘግቶ ነበር።

ቤታችን ከድሬዳዋ በባቡር ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ፣ በረሃው መሐል ያለ ትንሽ ጣቢያ ነው። አንድ የድንጋይ ቤት፣ አንድ የውሃ ታንከር፣ ሁለት ግራርና የሠራተኛ ቤቶች። ባሌ የምድር ባቡሩ፣ የሽሚንደፈር፣ ስልከኛ ነው። ባቡሩ ከዚያኛው ጣቢያ ተነሳ፣ ከዚህኛው አለፈ እያለ ለሚቀጥለው ይናገራል፤ ሥራው ይኸው ነው። ምትክ ካልመጣለት ከስልኩ አንድ ቀን አይለይም። እናቴ ደግሞ ልታርሰኝ ከቡልጋ በበቅሎና በጭነት መኪና መጥታ፣ ባቡሩን አንዴ ከሩቅ አይታ፣ «እዚያ ብረት ሆድ ውስጥስ አልገባም» ብላ ምላለች። ስለዚህ ድሬዳዋ ብቻዬን ሄድኩ። ልጁን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ሁለት ፍሬናተሮች፣ የባቡሩ ፍሬን ያዦች፣ በየጣቢያው ውሃ እያቀበሉኝ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። ሆዱን በሁለት ጣቱ ሲዳስስ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ከዚያ የኔንም ጣት ይዞ እዚያው አስቀመጠው። ከቆዳው ሥር ጠጣር ፍሬ የምታህል ነገር ነካሁ። ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር አስተረጎመልኝ፤ ይቺን ካልቀደድናት ሳምንት አይቆይም አለኝ። ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። ልጄን ይዘውት ገቡ፤ በሩ ሲዘጋ ጋቢው ባዶውን እጄ ላይ ቀረ።

ወጣ። በሕይወት ወጣ። ከእምብርቱ በላይ የጣቴን ያህል ርዝመት ያለው ስፌት ነበረበት። እንግዲህ ቀሪው የኔ ሥራ ነበር፤ መጠበቅ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ አልችልም።

ሐኪም ቤቱ ከዚራ ነበር፣ ዛፎቹ መንገዱን ከላይ የሚያጥሩበት ሠፈር። ሰው ሁሉ ጥላው ደስ ይላል ይላል። እኔ ጥላውን ጠላሁት። ጣቢያችን ላይ ጥላ የለም፣ ግን ሰማይ አለ፤ ባሌ ማታ ማታ በካናቴራ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ የስልኩን መያዣ በትከሻና በጆሮው መሐል አጣብቆ ሲያዳምጥ፣ ከጀርባው ሄጄ አንገቱን አሸተዋለሁ። የማሽን ዘይትና የሎሚ ሳሙና ይሸታል። ሐኪም ቤቱ አልጋ ላይ ተኝቼ ያን ሽታ ለማስታወስ ስሞክር ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ወለሉ የሚታጠብበት የፌኖል ሽታ ብቻ ነበር። ወደ ቤቴ የሚሄደው ባቡር ሲጮህ በአልጋው ላይ እነሳለሁ። እስኪርቅ ድረስ በልቤ እከተለዋለሁ፤ አሁን ድልድዩን አለፈ፣ አሁን ሁርሶ ደረሰ፣ አሁን ባሌ ስልኩን አንስቶ «ተነሳ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ልጄ ያለቅሳል፤ ድሬዳዋ እመለሳለሁ።

የምንሄድበት ቀን በሚዛን ነበር የሚወሰነው። ሐኪሙ ያለው፣ ማስመለሱን ትቶ፣ የተወለደ ዕለት የነበረውን ክብደት ሲመልስ ትሄጃለሽ ነው። ድሬሰሩ ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ ራሱ ሳቀ፤ ቤት የተወለደን ልጅ ማን መዝኖት። እኔ ግን ሦስት ኪሎ አልኩት። ልጁ በተወለደ ዕለት ባሌ በአባትነት ደስታ አብዶ፣ ጣቢያው የዕቃ ሚዛን ላይ ኮቱ ውስጥ ጠቅልሎ አስቀምጦት፣ ከዚያ ኮቱን ለብቻው መዝኖ ቀንሶ ነበር። እናቴ ሰው እንደ ቡና ከረጢት አይመዘንም ብላ ሁለት ቀን አኩርፋዋለች። ይህንን ስነግራቸው ፈረንጁ እንባው እስኪመጣ ሳቀና ወረቀቱ ላይ ሦስት ብሎ ጻፈ። አሁን ያለው ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የታዘዝኩት የታለበ ወተት በማንኪያ፣ ጥቂት ጥቂት፣ በየሁለት ሰዓቱ ነበር። ልጁ ማንኪያውን ልሶ አፉን ከፍቶ ዞሮ ዞሮ ጡቴን ይፈልጋል። ሁለት ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ነርሷ ዞር ስትል ሰጠሁት። ሆዱ እስኪወጠር ጠባ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ እኔም ይኸው፣ እናት ታውቃለች ብዬ ኮራሁ። ከዚያ ሁሉንም ተፋው፣ ቢጫ ነገር ጨምሮ፣ ስፌቱን የሸፈነውን ፋሻ አረጠበው። ሐኪሙ መጥቶ ፋሻውን ራሱ ቀየረ። ድሬሰሩ ነው የነገረኝ፤ ስፌቱ ቢፈታ ኖሮ ሁለተኛ የሚቀደድ ሆድ የለውም አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ፈራሁ። ከፍርሃቱ ይሁን ከሙቀቱ፣ ወይም ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠባውን ሲተፋ አብሬው ሳልበላ መክረሜ፣ ወተቴ መሄድ ጀመረ። ስታለብ ጽዋው ግማሽ ይሞላ የነበረው ታቹን ብቻ ያርሳል። በአምስተኛው ቀን ምንም። የቆርቆሮ ወተት በጥብጠው ሰጡት፣ ተቅማጥ ያዘው። ሚዛኑ ወደ ኋላ ሄደ። ከቤት መልእክት እንዳይመጣብኝ ፈለግሁ፤ ምን ብዬ ልመልስ። እናቴ በፍሬናተር አፍ፣ ቄስ አስጠርተሽ ቶሎ አስጠምቂው፣ አርባ ቀኑን አትጠብቂ ብላ ላከችብኝ። ለሚያሰጋ ልጅ ይፈቀዳል፣ አውቃለሁ። አይሆንም አልኩ። ቀኑን ሳይጠብቁ ማስጠመቅ፣ ይሞታል ብሎ መፈረም መሰለኝ። አንድ ወረቀት ፈርሜያለሁ፣ ሁለተኛ አልፈርምም።

ከጎኔ አልጋ ላይ አንዲት ሴት ነበረች፣ መጋላ ገበያ ሎሚና ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ኦሮሞ፣ እስላም። የአራት ወር ልጇ አንገቷ ላይ እባጭ ወጥቶባት አስከፍታላት ነው። ድምጿ ወፍራም ነው፣ ለትልቁም ለትንሹም «አንቺ፣ አንተ» ነው የምትለው፤ ሐኪሙንም ቢሆን። እኔን «ያ ኢንተላ» ትለኛለች፣ ልጅቱ ማለቷ ነው። አምስት ቀን ሙሉ አይታኛለች። በስድስተኛው ጠዋት ባዶውን ጽዋ ይዤ ስቀመጥ ልጇን ከጡቷ ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

«ያ ኢንተላ፣ የተማርሽ ነሽ አይደል? ወተት ሲደርቅ ምን አድርጉ አሏችሁ?»

አልተማርነውም አልኳት።

«ታዲያ ምን ተማርሽ አቦ?»

ተናድጄ ጽዋውን በቀሚሴ ጫፍ መወልወል ያዝኩ። እሷ ግን ነገሯን አላቆመችም። ወተት እንዳላት፣ ልጇ አንዱን ጡት ጨርሳ ሌላው እየፈሰሰ ቀሚሷን እንደሚያበላሽ፣ ግን እንዲሁ አንስታ መስጠት እንደማትችል ነገረችኝ። የሷም ባል፣ የኔም ባል ይሁን ማለት አለባቸው። በሃይማኖታቸው ሕግ ልጄ አምስት ጊዜ ጠግቦ ከጠባት ልጇ ነው፣ ለልጇም ወንድሟ ነው። ነገ አድጎ ሽማግሌ ቢልክ ልጅቱን አይሰጡትም፤ ይህን አባቱ አሁኑኑ አውቆ እሺ ይበል አለች።

ሳቅሁ። ክፉ ሳቅ ነበር። ሁለት ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን ልጅ ጋብቻ ታወራለች። ይሄ ሚስት የሚያገባ ይመስልሻል አልኳት። አልሳቀችም። ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረችና አየችኝ።

«ይኖራል ብዬ እኮ ነው የምጠይቅሽ።»

ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ «እናያለን» ነው የሚለው። ጽዋውን አስቀምጬ ተነሳሁና ልጄን ለነርሷ ሰጥቼ ወደ ባቡር ጣቢያው፣ ወደ ለገሃር ሄድኩ። በጋሪ እንኳ አልሄድኩም፣ በዚያ የግንቦት ፀሐይ ግማሹን መንገድ ሮጥኩ።

እዚያ ነው የሞኝ ሥራ የሠራሁት። የስልከኛ ሚስት ሆኜ። መስመሩ አንድ ሽቦ ነው፤ ድሬዳዋ ስትናገር በየጣቢያው ያለ ስልከኛ ሁሉ መያዣውን አንስቶ ቢያዳምጥ ማንም አይከለክለውም። ያነሳል ደግሞ። ባሌ ማታ ማታ በትከሻው አጣብቆ የሚያዳምጠው ይህንኑ ነው፤ የማን ሚስት ወለደች፣ የትኛው ሹም ከየትኛው ተጣላ፣ ሁሉን እራት ላይ ይነግረኝ ነበር፣ እኔም እስቃለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ የድሬዳዋውን ስልከኛ ለባሌ ብቻ ንገርልኝ፣ ምስጢር ነው አልኩት። እሱም ራሱን ነቀነቀና እጀታውን አዙሮ፣ ሽቦው ስለሚያንሾካሹክ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፤ ወተቷ ደርቋል፣ አንዲት እስላም ላጥባልሽ ብላታለች፣ ልጅህ የልጇ ወንድም ይሆናል፣ ትፈቅዳለህ ወይ ብሎ። ወረፋ የቆሙት መንገደኞች ዞረው አዩኝ።

መልሱ ወዲያው ነው የመጣው። ስልከኛው መያዣውን ለኔ ሰጠኝ፣ ደንቡ ባይፈቅድም። የባሌ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። እሺ በያት አለኝ። ከዚያ ሽቦው ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ሳለ። ከዚያ ሌላ። ባሌም መስማታቸውን አውቆ ነው መሰለኝ፣ ሌላ ሊለኝ የፈለገውን ትቶ «ትበያለሽ?» ብቻ ብሎ ዘጋ። ያን «ትበያለሽ» ይዤ ተመለስኩ። እስካሁን ድምፁን እሰማዋለሁ።

የሷ ባል ባለጋሪ ነው፣ ማታ ሲመጣ ፈቀደ። እሷም «ቢስሚላህ» ብላ ያዘችው፣ መጀመሪያ ለትንሽ፣ ከዚያ አረፍ፣ ከዚያ እንደገና፤ ሐኪሙ በማንኪያ ያዘዘውን እሷ በጡቷ ትለካለች። አልተፋውም። ሳልተኛ ጠበቅሁ፣ አልተፋውም። ከዚያ በኋላ የጠገበበትን በጣቷ ትቆጥር ጀመር፤ አምስተኛው ላይ ጣቶቿን ሰብስባ ጨብጣ አሳየችኝ። ሁልጊዜ ግን መጀመሪያ የኔን ባዶ ጡት እንዲይዝ ታደርገዋለች። ባዶ ነው እኮ ስላት፣ ሳይጠሩት የሚመጣ ነገር የለም ትለኛለች። እሱ ባዶውን ስቦ ይናደዳል፣ ይቧጥጠኛል፣ ከዚያ ወደሷ ሲሄድ ጸጥ ይላል። የሚውጥበት ድምፅ ይሰማኛል። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አመስጋኝ ነበርሽ ወይ ለሚለኝ፣ ነበርኩ። ግን ልነጥቃትም እፈልግ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ መስመሩ ሁሉ መናገር ያዘ። ወደ ታች የወረደ ባቡር ሁሉ ሰው ያወርዳል፤ ፍሬናተሩ ወደ ክፍሉ ብቅ ብሎ ሎሚ ሻጯን እየፈለገ «ወተቷ የታለች?» ይላል። የአንዱ ጣቢያ ሹም ሚስት እንቁላል ላከችላት፣ የሌላው ጣቢያ ውሃ ቀጂ የፍየል ወተት በጠርሙስ። አንዱ ሽማግሌ ግን፣ እስላም የጠባ ልጅ ክርስትና እንዴት ሊነሳ ነው ብሎ እንደጠየቀ ያው ፍሬናተር እየሳቀ ነገረኝ። እኔ አልሳቅሁም፤ ይህ ሁሉ ሰው ከሰማ እናቴም ሰምታለች።

ሰምታለች። በልጁ ሠላሳ ስድስተኛ ቀን ያንን ብረት ሆድ ተሳፍራ መጣች። በሩ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ አየኋት፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ከመስኮቱ ጥላሸት ይሁን ከለቅሶ እንጃ። የሎሚ ሻጯ ልጅ ድና ከሐኪም ቤት ወጥታ ነበር፣ ግን እሷ ደቻቱን፣ ያንን የደረቀ አሸዋ ወንዝ፣ በቀን ሦስት ጊዜ በእግሯ እየተሻገረች ትመጣለች። እናቴ የደረሰችው ልጄ እቅፏ ውስጥ ሳለ ነው። ሰላምታ አልሰጠቻትም። እሷ ግን አልጋው ላይ ጠጋ ብላ በእጇ ቦታ አሳየቻትና «ነይ ቁጭ በይ፣ አንቺ። እግርሽ አብጧል» አለቻት። እናቴን በአገሯ ቄሱ እንኳ አንቱ ነው የሚላት። አልተቀመጠችም። ለኔም ያን ቀን የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁን አርባ ቀኑ ሳይሞላ ይዘን እንሂድ፣ ለጣቢያችን ቅርብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን፣ አዋሽ፣ ክርስትና አባት ተዘጋጅቶለታል አለችኝ። ስለ ወተቱ አንድም አላለችም። እሱ ነው የከበደኝ።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ሚዛኑ ሦስት ኪሎ አለ። ሐኪሙ ስፌቱን አውጥቶ፣ ውሃም አይጎዳውም ብሎ እጄን ጨበጠኝ። የጠዋቱ ባቡር በማግስቱ ነበር። ዕቃዬን ሸከፍኩ፤ ምን ዕቃ አለኝ፣ ጋቢና ሁለት ቀሚስ። ሰው ቤቱን ያን ያህል እንደሚናፍቅ ካሁን በፊት አላውቅም ነበር። ከናፍቆቱ ብዛት ጥርሴን ያመኝ ነበር። የታንከሩን ዝገት፣ ማታ የሚነሳውን አቧራ፣ ባሌ ጫማውን ደጃፍ ላይ ሲያራግፍ የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ ናፈቅሁ።

ከመተኛቴ በፊት ልጄን ጡቴ ላይ አደረግሁት። ወተቴ መምጣት ጀምሮ ነበር፣ እሷ እንዳለችው። ሳበ፣ ዋጠ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ አለቀ። ግማሹን እንኳ አልጠገበም። ጣቢያችን ላይ የምታጠባ ሴት የለችም፣ ፍየሎች ብቻ ናቸው ያሉት። የሸከፍኩትን ፈታሁ። እናቴን፣ አንሄድም፣ ወተቴ እስኪሞላ እዚሁ እንሰነብታለን፣ ክርስትናውም እዚሁ ይሁን አልኳት። ይህን ስናገር ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም፤ አፌ «አንሄድም» ሲል እግሬ ባቡሩን ይሳፈር ነበር። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ባሌ በስልክ ሰምቶ ለጥቂት ቀን ምትክ አገኘ። በአርባኛው ቀን ንጋት ከባቡሩ ሲወርድ ኮሌታው ሥር አፍንጫዬን ቀብሬ ቆምኩ፣ ሰው እያየን። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን። የሚቆርብ ልጅ አይጠባምና ከሌሊት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ቅዳሴው ረዘመ። ውሃው ሲፈስበት ጮኸ፣ ቅባቱ ሲቀባ ጮኸ፣ ማተቡ ሲታሰርለት ድምፁ ማለቅ ጀመረ። እንደዚያ ድምፁ ሲሟሽሽ ካሁን በፊት ሰምቼዋለሁ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት። ቆረበ፣ የቅዳሴ ጠበል ቀመሰ፣ ወጣን።

ሎሚ ሻጯ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነበር፣ ልጇን አዝላ። ወደ ግቢው አልገባችም፣ ማንም ግቢም አላላትም። እኔ ደጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የኔን ሰጠሁት። ሳበ። ያለችውን ጨረሰና ለቀቀኝ፣ እንደገና ያዘ፣ ባዶ ሲሆንበት ፊቱ ጠቆረና በዚያ በሟሸሸ ድምፅ ማልቀስ ጀመረ። ባሌ ጫማውን ያያል። ክርስትና አባቱ፣ አንድ ሽማግሌ ፍሬናተር፣ ሰማዩን ያያል። እናቴ ልጁን ከእጄ ወሰደችው።

«የቆረበ አፍ ነው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ልጁ አለቀሰ። እናቴ የማተቡን ክር በጣቷ ነካች፣ አፉን አየች፣ ከዚያ ሄደች። ከአጥሩ ወጥታ ሴቲቱ ፊት ቆመች። በመጀመሪያ ይዛ የምትሸሽ መስሎኝ ተነስቼ ነበር።

«እንቺ» አለቻት። «ተጠንቅቀሽ ያዢው። ዛሬ ነው የቆረበው።»

«አውቃለሁ፣ እናት» አለቻት ያቺ። «እሱስ የኔም ልጅ አይደል?»

አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ «ቢስሚላህ» ብላ ያዘችው። ፀሐዩ በቀጥታ ፊታቸው ላይ ነበር። እናቴ ትንሽ ቆየችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ሁለቱንም ከለለቻቸው። ክንዷ ቢዝልም አላወረደችውም።

እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ሲውጥ እሰማዋለሁ። ያን ጊዜ ቤቴን አልናፈቅሁም፣ ባሌም አጠገቤ ነበር፤ የናፈቀኝ ልጄ ነው፣ እዚያው ፊቴ ያለው። እንዲህ ሳየው ጡቴ ተወጠረ፣ ወጋኝ፣ ከዚያ ነጩ ቀሚሴ ከፊት በኩል በሁለት ቦታ ረጠበ። ባሌ አይቶ ኮቱን ሊያለብሰኝ አወለቀ። ተወው አልኩት። ሄጄ አጥሩ ሥር፣ ከነጠላው ጥላ ውስጥ ገብቼ ከሴቲቱ ጎን ተቀመጥኩና፣ ልጄ ለቆ ወደኔ እስኪዞር ጠበቅሁ።